ዳዊት ከደገሙ በኋላ፤ የባላገር ወጣት የንባብ ታሪክ

የኢትዮጵያ ባላገር ማንበብ ፈጽሞ አያውቅም ነበር የሚሉ ሰዎች ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን ሲመረመር እንዲህ በአንድ ቃል የሚፈጸም አይደለም። ቤተ ክርስቲያን በተተከለበት ስፍራ ሁሉ፤ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ወይም በአንድ ዛፍ ጥላ ሥር፤ ሕፃናት የኔታን ከበው ፊደል ሲቈጥሩ መዋላቸው ከብዙ ዘመን ጀምሮ የነበረ ልማድ ነው። ስለዚህ መጠየቅ የሚገባው ልጁ ፊደል ያውቅ ነበር ወይ ተብሎ ብቻ አይደለም። ፊደሉን ካወቀ በኋላ፤ ድምፁ መጐርነን በሚጀምርበት ዕድሜ፤ ምን ያነብ ነበር? ሊያነብ የሚወደውስ ምን ነበር? የተሰጠውና የወደደው አንድ ሆነው የተገኙበት ጊዜ ኖሯልን?

የትምህርቱ መንገድ በየአገሩ ጥቂት ይለያይ እንጂ ሥርዐቱ አንድ ነበር። ልጁ አስቀድሞ ሀ ሁን፤ ቀጥሎ አቡጊዳን፤ ከዚያም መልእክተ ዮሐንስን ይይዛል። ይህን መልእክት በቍጥር፤ በግዕዝ ንባብ፤ በውርድ ንባብ እያለ ወደ ቁም ንባብ እስኪደርስ ድረስ በአንዱ ገጽ ላይ ደጋግሞ ይመላለስበታል። ከወንጌለ ዮሐንስና ከገብረ ሐዋርያት በኋላ መዝሙረ ዳዊት ይመጣል። 150ውን መዝሙር፤ ጸሎተ ነቢያቱን፤ መኃልየ መኃልዩንና ውዳሴ ማርያሙን ሲዘልቅ «ዳዊት ደገመ» ተባለ ማለት ነው። በዚያን ቀን አባት ዐቅሙ እንደ ፈቀደለት ድግስ ይደግሳል፤ ለየኔታም እጅ መንሻ ያቀርባል፤ እናት እልል ትላለች። ልጁም ገና የ10 ወይም የ12 ዓመት ብላቴና ነው።

ነገር ግን በዚህ ሁሉ ድካም ውስጥ አንድ ጐደሎ ነበረ። ልጁ ያነበበው በግዕዝ ነው፤ የሚያስበውና የሚነጋገረው ግን በአማርኛ ወይም በእናቱ ቋንቋ ነው። አፉ ሳይደናቀፍ እንደ ወራጅ ውሃ ይሄዳል፤ ዳዊት ምን ብሎ እንደ ጮኸ፤ በማንስ ላይ እንዳለቀሰ ግን ልቡ አይሰማም። ትርጓሜው ለመጻሕፍት ቤት የተጠበቀ ነበርና፤ እዚያ የሚደርሰው ደግሞ ጥቂት ሰው ነው። መጻፍም ከማንበብ ጋራ አብሮ አይሰጥም ነበር፤ ጸሓፊነት ለብቻው የሚቆም ሙያ ነው፤ ብርዕና ቀለም ይዞ የሚዞር ሰውም ብዙ ጊዜ በአስማተኝነት ይጠረጠር ነበር። እንዲህ ከሆነ ያ ብላቴና ያነብባል እንጂ አይጽፍም፤ ያነብባል እንጂ አያስተውልም። የቀድሞዎቹ መምህራን ይህን ሳያውቁት ቀርተው አልነበረም። ትዕግሥትና ፍርሃተ እግዚአብሔር ቢቀድሙ፤ ማስተዋል በጊዜው ይከተላል ብለው ያምኑ ነበር። ለታገሠው በእርግጥ ተከትሎለታል፤ ላልታገሠው ግን ሳይመጣ ቀረ፤ ያልታገሠውም ቍጥሩ ብዙ ነው።

ዳዊት የደገመውን ልጅ ሁለት መንገድ ይጠብቀው ነበር። አንደኛው ወደ አባቱ ሞፈርና ቀንበር መመለስ ነው። የተመለሰው ልጅ በቤቱ ውስጥ መጽሐፍ ቢያገኝ የሚያገኘው ያንኑ ዳዊት ነው፤ እርሱም ከተገኘ ነው። ብራና የሚዳመጠው ከቆዳ ነውና አንድ ዳዊት ለማስጻፍ ብዙ ፍየል ወይም በግ ይታረዳል፤ ጸሓፊውም ወራት ይቀመጥበታል። ስለዚህ ገበሬው ባለ መጽሐፍ ለመሆን ባለ ጠጋ መሆን ያሻው ነበር። ልጁ ጧት ጧት የዕለቱን ይደግማል፤ ጐረቤት ሲሞት ለሟቹ ዳዊት እንዲደግም ይጠራል፤ ከአገረ ገዥ ዘንድ ደብዳቤ የመጣ እንደ ሆነም እንዲያነብ ይላክበታል። ከዚህ አልፎ ለራሱ ደስታ ሊያነብ ቢወድ መጽሐፍ የለውም። የእርሻ ሥራ እጁን እንደሚያሻክረው ሁሉ፤ የመጽሐፍ ዕጦትም ዐይኑን ከፊደል ያለያየዋል። በ20 ዓመቱ ዳዊቱን በቃሉ የሚወጣ፤ ሌላ መጽሐፍ ቢሰጡት ግን የሚንተባተብ ጐልማሳ በየመንደሩ አይጠፋም ነበር።

ከዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ይኸው ወጣት መጽሐፍ ባይኖረውም ታሪክ አልጠፋበትም። በሰንበትና በበዓል ቀን ተአምረ ማርያም ሲነበብ፤ ካህኑም በአማርኛ ሲተረጕመው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ቆሞ የሚሰማው ሕዝብ ጸጥ ይል ነበር። ከተአምራቱ ሁሉ የወጣቱን ልብ ይዞ የሚያስቀረው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ነው። የቅምሩ ሰው 78 ነፍሳትን በልቶ፤ ወላጅ ዘመዶቹን እንኳ ሳይምር፤ በመጨረሻ ስለ እመቤታችን ስም ብሎ ለአንድ የተጠማ ድውይ እፍኝ ውሃ ይሰጣል። በፍርድ ቀን ያች እፍኝ ውሃ ከ78ቱ ነፍስ ጋራ በሚዛን ትቀመጣለች። እረኛው ይህን ሰምቶ ወደ መስክ ሲወርድ ለጓደኞቹ ሳይነግር አይውልም። የቅዱስ ጊዮርጊስና የደራጎኑ ነገርም እንዲሁ ነበር፤ የብሩታዊቷን ልጅ መዳን ሰምቶ በትሩን እንደ ጦር ያልሰበቀ እረኛ ማን አለ? እንግዲህ ባላገሩ ወጣት ታሪክ ወዳድ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም። አደጋ ያለበትን፤ ፍርድና ምሕረት ያለበትን፤ ይልቁንም በሚሰማው ቋንቋ የሚነገረውን ይመርጥ ነበር። ይህን ምርጫውን በዐይኑ ሳይሆን በዦሮው ፈጸመ።

ሁለተኛው መንገድ የቆሎ ተማሪ መንገድ ነው። ልጁ አንዳንድ ጊዜ ከወላጆቹ ተሰውሮ፤ ለምዱን ለብሶ አኮፋዳውን አንግቶ፤ ከውሻ ጋራ እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከአገር አገር ይሄዳል። ድጓ ፈላጊው ወደ ቤተልሔም፤ ቅኔ ፈላጊው ወደ ዋሸራ፤ ወደ ጎንጅ፤ ወደ ዋድላ ይጓዛል። ቀን በመጽሐፍ፤ ሌሊት በቃል ይማራል፤ የመብራት ዘይት የለምና በጨለማው ጎጆ የሚሰማው የመምህሩና የጓደኞቹ ድምፅ ብቻ ነው። የሚበላው የለመነውን ደረቅ እንጀራ ሲሆን፤ ከዚያውም ላይ በቍንጫና በእከክ ይሠቃያል። ይህን ሁሉ መከራ ማንም ሳያስገድደው የተቀበለ የ15 ዓመት ልጅ ዕውቀትን አይወድም ሊባል አይቻልም።

ከእነዚህ ቤቶች ሁሉ ለወጣት ልብ የቀረበው የቅኔ ቤት ነበር። እዚያ ሲደርስ እስከ ዛሬ የሌላውን ቃል ሲያነበንብ የኖረው ልጅ የራሱን ቃል እንዲያወጣ ይፈቀድለታል። ግሡን አገባቡን ተምሮ በጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ ዘአምላኪየን፤ ሚ በዝኁን፤ ዋዜማን፤ ሥላሴን፤ ዘይእዜን አልፎ እስከ መወድስ ይወጣል። ቀን በየጥሻው ብቻውን ተቀምጦ ሲቈጥር ውሎ፤ ማታ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰማል፤ የተበላሸው ይታረምለታል፤ ያማረው «ይበል» ይባልለታል። በሰሙ ስለ ቅዱሳን እየተናገረ፤ በወርቁ ስለ ዘመኑ ሹም፤ ስለ ራቡ፤ ስለ ጓደኛው ክፋት፤ አንዳንዴም ስለ አንዲት ቆንጆ ይናገራል። መልካም ቅኔ ከዋሸራ ተነሥቶ ወረቀት ሳይነካ በተማሪ አፍ ብቻ ጎንደር ይደርስ ነበር። ለዚያ ትውልድ ቅኔ ልብ ወለዱም ጋዜጣውም እርሱ ነበረ።

የተማሪው ንባብ ሁሉ ግን የተመሰገነ አልነበረም። ትምህርት ይገልጣል እየተባለ ዐብሾ የሚጠጣ፤ የሌሊት አስማት የሚደግም፤ ዐውደ ነገሥትና የመስተፋቅር ጽሑፍ በአኮፋዳው ሥር ደብቆ የሚያድር ተማሪ ሞልቶ ነበር። መምህራን ይህን ሲያወግዙ ኖረዋል፤ ማውገዛቸውም የተገባ ነው። ሆኖም ውግዘቱ ብቻውን ያልፈታው ነገር አለ። ያ ወጣት ስለ ፍቅር፤ ስለ ዕጣ ፈንታው፤ ስለ ነገው ለማወቅ ይናፍቃል፤ ለዚህ ናፍቆቱ የሚመልስለት ሌላ መጽሐፍ ያን ጊዜ በእጁ አልነበረም። ጤናማ ምግብ ያልቀረበለት ረኀብተኛ ያገኘውን ይበላል።

ሕዝቡ በሚሰማው አማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ በብዛት የታተመው አስቀድሞ በውጭ አገር ነው። አባ አብርሃም፤ በፈረንጆች ዘንድ አቡ ሩሚ የተባሉት የጐጃም ሰው፤ በካይሮ ከፈረንሳዩ ቆንስል ከአስላን ደ ሸርቪል ጋራ በሳምንት ሁለት ቀን፤ ማክሰኞና ቅዳሜ፤ እየተቀመጡ በ10 ዓመት ውስጥ መጽሐፍ ቅዱስን በሙሉ ወደ አማርኛ መለሱት። የእንግሊዝ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ገዝቶ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1824 ወንጌላቱን፤ በ1840 መላውን መጽሐፍ ቅዱስ አሳተመ። ይህን ያመጡት የውጭ መምህራን ስለ ነበሩ ካህናቱ በጥርጣሬ ተመለከቱት፤ የሃይማኖት ክርክርም አስነሣ። በንባብ ታሪክ ዐይን ሲታይ ግን ነገሩ ከክርክሩ የሰፋ ነው። ፊደሉ ያው ፊደል ነውና ዳዊት የደገመ ገበሬ አዲስ ትምህርት ሳያሻው አነበበው፤ ያነበበውም ገባው። እስከዚያን ጊዜ ተለያይተው የኖሩት ዐይንና ዦሮ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ።

አማርኛ ለማይናገረው ባላገር ደግሞ ሌሎች ደከሙለት። በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው በባርነት የተሸጡት፤ ምጽዋ ላይም ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ፤ መጽሐፍ ቅዱስን በግዕዝ ፊደል ወደ ኦሮምኛ መልሰው በአውሮፓ አቈጣጠር በ1899 አሳተሙ። ከዚያ 5 ዓመት ቀደም ብሎ በምጽዋ አጠገብ በምንኩሉ ማተሚያ አንድ የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ወጥቶ ነበር። በዚህ መጽሐፍ የደከሙት አስቴር ጋኖ ናቸው፤ እርሳቸውም ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ የዳኑ፤ በዚያን ጊዜም ገና ወጣት ነበሩ። አስቴር በአእምሯቸው ይዘውት የወጡትን የአገራቸውን ተረት፤ ዘፈንና እንቆቅልሽ ጽፈው በዚህ መጽሐፍ አገቡት። ልጅ ከሚያውቀው ተረት ተነሥቶ ወደማያውቀው ፊደል ቢሄድ መንገዱ እንደሚያጥርለት ይህች ወጣት ሴት አስተዋለች፤ ብዙ የትምህርት አለቆች ይህን ለመረዳት ከዚያ በኋላ እጅግ ረዥም ዘመን ፈጅቶባቸዋል። ያውም ሴት ልጅ ከየኔታ ፊት መቀመጥ እንደ እንግዳ ነገር በሚታይበት ጊዜ ነው።

በ1900 ዓ.ም. የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም ታተመ። በ1914 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ቆመ፤ በ1917 ዓ.ም. በዚሁ ስም ሳምንታዊ ጋዜጣ መውጣት ጀመረ። በመርሐቤቴ ተወልደው በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያደጉት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ መጽሐፍ በመጽሐፍ ላይ ያወጡ ነበር። ከእነዚህም «አዲስ ዓለም» የተባለው በ1925 ዓ.ም. የወጣው መጽሐፋቸው ዐወቀ የሚባለውን የባላገር ልጅ ያሳያል፤ ልጁ ፓሪስ ሄዶ ተምሮ ሲመለስ በተዝካርና በሠርግ ድግስ ነገር ከዘመዶቹ ጋራ ይጋጫል። ነገሩ የባላገር ወጣት ነገር ነው፤ ባላገሩ ወጣት ግን መጽሐፉን አላየውም። መጽሐፉ ከማተሚያ ቤት ወጥቶ በከተማው ባለሟልና ተማሪ እጅ ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያ በበቅሎ ጀርባ ሳምንታት የሚፈጅ መንገድ አለ፤ የሚሸጥበት ሱቅም የለም። ደራሲው ለዐወቀ ጻፉ፤ ያነበቡት ግን ዐወቀን ያልሆኑት ናቸው።

ጠላት በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ የመንግሥት ትምህርት ቤት ቀስ በቀስ ወደ አውራጃና ወደ ወረዳ ወረደ። በዚያን ጊዜ የወጣው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ ገባ፤ ተማሪዎችም ግጥሙን በቃላቸው ያዙት። ይህ የሆነበት ምክንያት ሲታይ የድሮው ልማድ ጕልበት ይታወቃል። ዳዊትን በቃሉ የያዘ የአባት ልጅ፤ ግጥምን በቃሉ መያዝ ከማንበብ ለይቶ አያየውም ነበር። መጽሐፉም የሚናገረው በሚሰማው አማርኛ፤ በተረትና በምሳሌ ነው። የተሰጠውና የወደደው አንድ ሆነው የተገኙበት ጊዜ ኖሯልን ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሆነው ይህ መጽሐፍ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታላቁ ነገር «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው፤ በ1958 ዓ.ም. ታተመ። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በጐጃም አድባራት ቅኔ ተምረው ያደጉ ናቸውና፤ የመጽሐፉን ጀግና በዛብህን ከሩቅ አላመጡትም። በዛብህ ወላጆቹ ለቤተ ክርስቲያን የተሳሉት የማንኩሳ ገበሬ ልጅ፤ ቅኔ የዘለቀ የቆሎ ተማሪ ነው። የፍቅሩም ነገር የሚጀምረው በንባብ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻን ልጅ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ወደ ቤታቸው ይገባል። ዳዊት የደገመው ልጅ ከዚያ በኋላ ምን እንደ ሆነ፤ ምን እንደ ተመኘና ምን እንደ ከለከሉት፤ በዚህ ስፋት የተጻፈበት መጽሐፍ ይህ የመጀመሪያው ነው ቢባል አይበዛበትም። የሆነ ሆኖ ገንዘብ ከፍሎ ሊገዛው የሚችል የገጠር ወጣት ጥቂት ነበር። ወደ ባላገሩ ያደረሰው ራዲዮን ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በሚባለው ክፍል መጽሐፉን ሲተርከው፤ አንድ ራዲዮን ባለበት ቤት ጐረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ይሰማ ነበር። ጕዱ ካሣን በፊደል ሳያውቀው በድምፅ ያወቀው ሰው ብዙ ነው። ተአምረ ማርያምን ቆሞ ይሰማ የነበረው የባላገር ዦሮ፤ በዚህ ዘመንም ታሪኩን የተቀበለው እንደዚያው ተሰብስቦ በመስማት ነው።

በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አወጣ። ከሐምሌ 1971 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተነሣ፤ በጊዜ ብዛት በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1980ም በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። የ16 ዓመት የከተማ ልጅ የ50 ዓመት ገበሬ ሲያስተምር፤ እረኛይቱም ከእናቷ ጋራ በአንድ ወንበር ስትማር የታየበት ጊዜ ነበር። ድካሙ የሚናቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የድሮው የየኔታ ተማሪ ያጋጠመው ችግር በአዲስ መልክ ተመለሰ። በየገበሬ ማኅበሩ የንባብ ቤት ቢቋቋምም፤ በመደርደሪያው የተቀመጠው ጽሑፍ አብዛኛው ስለ ማዳበሪያ፤ ስለ ጤና አጠባበቅና ስለ ፖለቲካ ነበር። ይህ ሁሉ ይጠቅማል፤ ነገር ግን ፊደል የቈጠረ የ15 ዓመት ልጅ በማታ ኩራዝ አብርቶ የማዳበሪያ መጽሐፍ ለደስታው አያነብም። የሚያነበው ያጣው ደግሞ ፊደሉን በጥቂት ዓመት ውስጥ መልሶ ረሳው። አባቱ ቢያንስ ዳዊቱ ነበረው፤ ጧት ጧት እየደገመው ፊደሉን ሳይረሳ ኖሯል።

የዚህ ረኀብ መጠን በአንድ ሰው ታሪክ ላይ በግልጥ ይታያል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በነገሌ ቦረና ተወልደው ከመማሪያ መጽሐፍ ውጪ የሆነ የመጀመሪያ መጽሐፋቸውን ያገኙት በ19 ዓመታቸው ነው። መጽሐፉም በእንግሊዝኛ የተጻፈ የፍቅር ልብ ወለድ ነበር። የድሮው ተማሪ በአኮፋዳው ሥር የመስተፋቅር ጽሑፍ ሲደብቅ የፈለገውና ይህ ወጣት ያገኘው፤ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም በዚያ ዕድሜ ልብ የሚጠይቀውን ይናገራሉ። ዮሐንስ በኋላ ወደ አሜሪካ ተሰደው በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆኑ፤ እዚያም የልዩ ልዩ ሕዝብ መጻሕፍት በመደርደሪያው ሲገኙ ለኢትዮጵያውያን ልጆች የሚሆን የአማርኛ መጽሐፍ ማጣታቸው ዕረፍት ነሣቸው። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1998 ለዚሁ ሥራ ማኅበር አቋቋሙ፤ በ2003 በአዲስ አበባ ሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ፤ በ2005 ደግሞ በሐዋሳ አካባቢ አህያ የሚስበው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ጀመሩ።

አህያ በባላገር ዘንድ እህልና እንጨት ተሸካሚ ናት። ያ ጋሪ ወደ መንደር ሲደርስ በግራና በቀኙ የተከፈተው መደርደሪያ የያዘው ግን ተረትና ሥዕል ያለባቸውን መጻሕፍት ነበር። ልጆቹም መጽሐፍ እያነሡ በዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጡ ነበር፤ የሚወዱትን ለይተው ያነሡ እንጂ ይህን አንብቡ ብሎ ያዘዛቸው አልነበረም።